የሰፋው ሳሎናችን

ውድ ታዴዬ፣

እንዴት ነህ እንዳልልህ የት እንዳለህ አውቃለሁ። ደህና ነኝ እንዳልልህ ደግሞ አንተን ዋሽቼህ አላውቅም። ከተለየኸኝ ዓመት አለፈ። ሙት ዓመትህን ባለፈው ወር አወጣንልህ፤ እዚህ ከተማችን ኧርቪንግ ያለ የአገር ልጅ የቀረ አይመስለኝም። ሁሉም በልቶ፣ መርቆህ ሄደ።

እኔ አሁንም እዚያው አፓርትመንታችን ውስጥ ነኝ። ሳሎኑን ብታየው ግን ቤት የተሳሳትህ ይመስልሃል። ለቅሶ ደራሹ ፍራሽ ላይ እንዲቀመጥ ብለው ጓደኞችህ ያንን ትልቅ ቡናማ ሶፋ አወጡት፤ ጎረቤት ከተማ ግራንድ ፕሬሪ፣ ወዳጃችን ጋሽ በቀለ ጋራዥ ውስጥ አስቀመጡት። ሰው ሁሉ ሄዶ ፍራሹ ሲነሳ፣ ለካ ሳሎናችን ወለል ነበረው! ስንት ዓመት በጎኔ እየሾለክሁ ኖሬ፣ ወለሉን በወጉ ያየሁት አንተን ቀብሬ ነው።

ሶፋው የመጣ ቀን ትዝ ይልሃል? በሩ አላስገባ ቢላችሁ በሩን ነቀላችሁት። እዚህች ጠባብ ቤት ውስጥ ዝሆን አስገባህብኝ ብዬ ጮህኩብህ። አንተ ላብህን እየጠረግህ «ቤት የእግዜር ነው፤ እንግዳ ሲመጣ የት ይቀመጥ?» አልከኝ። የእግዜር ቢሆን እንዲህ አያጠበውም ነበር ብልህ፣ ሳቅህ ጎረቤት ድረስ ተሰማ። ከኤርፖርት ፈረቃ ስትመለስ ጫማህን እንኳ ሳታወልቅ ጥጉ ላይ ጋደም ትላለህ፤ እኔ እግርህን ተሻግሬ ወደ ኩሽና አልፋለሁ። ስንቴ ተነጫነጭኩብህ! ዛሬ የምሻገረው እግር አጣሁ።

ልጃችን ሜሮን ፍሪስኮ ከተማ ሥራ ከያዘች ወዲህ ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነው የምትመጣው። ትንሽ ክፍል እንዴት ሰፊ እንደሚመስል ከቴሌቪዥን ተማረች። ግድግዳውን ነጭ ቀባችው። መጋረጃውን መስኮቱ ላይ ሳይሆን ከጣሪያው ሥር ሰቀለችው፤ እውነትም ቤቱ ቁመት ጨመረ። ከመስኮቱ ትይዩ ትልቅ መስታወት አቆመች። እግራቸው ቀጭን የሆነ ሁለት ወንበሮች አመጣች፤ ከሥራቸው ወለሉ ሲታይ ክፍሉ ይሰፋል አለችኝ። «እማ፣ ሩሙ ቢግ አልመሰለም?» እያለች ስትሽከረከር እጅሽ ይባረክ ብዬ መረቅኋት። እሷ ስትሄድ ግን ስፋቱ ያስጨንቀኛል። እራቴን ስበላ መስታወቱ ውስጥ ሌላ ሴት ብቻዋን ትበላለች። እሷን ላለማየት ኩሽና ውስጥ ቆሜ መብላት ጀመርኩ።

ባለፈው ሳምንት ጋሽ በቀለ ደወሉ። ጋራዡን ሊለቁ ስለሆነ ሶፋውን ላምጣልሽ ወይስ በዲቪ ሎተሪ ከአገር ቤት ለመጡ ባልና ሚስት ልስጠው አሉኝ። ባዶ ቤት ነው የገቡት፤ ምንጣፍ ላይ ነው የሚቀመጡት። እኔ ግን አልራራሁም፤ ሳላስጨርሳቸው ይምጣልኝ አልኩ። ቤቱ ይጥበብ፣ ጉልበቴንም ይምታኝ፣ ብቻ የምትጋደምበትን ጥግ ልየው ብዬ ሙሽራ እንደሚቀበል ሰው ቤት ሳጸዳ ዋልኩ።

ለሜሮን ስነግራት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ለመስታወቷና ለነጭ ቀለሟ የሳሳች መስሎኝ ልቆጣት ስል እንባዋ ቀደመኝ። «እማ፣ ሶሪ… ማለቴ፣ ዳዲ የሌለበትን ሶፋ ማየት አልችልም» አለችኝ። ለካ ያን ሁሉ የደከመችው አንተ የነበርክበት ቦታ እንዳይታያት ነው። እኔ የምጽናናበት ነገር እሷን ያቆስላታል። እናትና ልጅ ሆነን ይህን ሁሉ ጊዜ ለየብቻ ማልቀሳችን አንጀቴን በላው።

ጋሽ በቀለ ጋ መልሼ ደውዬ ሶፋው ይቅርብኝ አልኳቸው። ሶፋህን ባልና ሚስቱ ወሰዱት። ቅር አይበልህ ታዴዬ፤ አንተ ብትሆንም ለልጅህ ስትል እንዲሁ ታደርግ ነበር። ሲጭኑት ለማየት ግን አልሄድኩም፤ አቃተኝ።

አሁን ቤታችን ሰፊ ነው፤ ለአንድ ሰው በጣም ሰፊ ነው። ከሥራ ስመለስ በሩን ዘግቼ ስምህን ጮክ ብዬ እጠራለሁ። ክፍሉ ባዶ ስለሆነ ድምፄ ግድግዳው ጋ ደርሶ ወደ እኔው ይመለሳል። ይመለስ። እስትንፋሴ እስካለች ድረስ ይህ ቤት ስምህን ሳይሰማ አይመሽበትም።

ያንተዋ አስቴር