ከሚሞሪ ካርዱ የወጣው

ውድ ወንድሜ፣

«ውድ» ያልኩት ደብዳቤ እንዲህ ስለሚጀመር ነው፤ ሌላ ነገር እንዳይመስልህ። «ጋሼ» ማለቱን ግን ትቼዋለሁ።

የእማዬ የመጨረሻ ፎቶዎች ያሉበትን የካሜራ ሚሞሪ ካርድ ኮምፒውተሬ ላይ ስሰካው ባዶ ሆኖ የተገኘ ዕለት፣ ከቀብሯ መልስ ዘመድ በተሰበሰበበት «አጠፋችው! ኮምፒውተር ተማርኩ ባይዋ!» ያልከው ቃል በቃል ትዝ ይለኛል። አባዬ ከዚያን ቀን ጀምሮ ዓመት ሙሉ ቀና ብሎ አላየኝም። ሰላም ስለው ለግድግዳው ነው የሚመልሰው። እኔ ራሴ እንኳ እጄን ተጠራጠርኩ፤ ይኼን ነው ይቅር የማልልህ።

በቅርቡ ካርዱን ከመሳቢያ አውጥቼ የተሰረዘ ፎቶ የሚመልስ ፕሮግራም «ሲ» በሚሉት የኮምፒውተር ቋንቋ ጻፍኩ። ፎቶ ሲሰረዝ ወዲያው አይጠፋም፤ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት እዚያው ይተኛል። ፕሮግራሙ ካርዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ እያነበበ የፎቶ መጀመሪያ ባገኘ ቁጥር ፋይል ይከፍታል። አስኬድኩት፤ አንድ ፎቶ ወጣ። እማዬ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መነጽሯን ትፈልጋለች። ጠረጴዛዬ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።

አንድ ብቻ መሆኑ ግን አላስቀምጥ አለኝ። ሁለት ሳምንት ኮዱ ላይ አፈጠጥኩ። መጨረሻ ላይ ቢሮ አጠገቤ የምትቀመጠዋን ልጅ ለመንኳት።

«አንቺ፣ ሁሉንም ፋይል ዜሮ ብለሽ ነው እኮ የምትሰይሚው» አለችኝ።

«እና?»

«እናማ አዲሱ በመጣ ቁጥር የፊተኛውን ይደመስሰዋል። የቀረልሽ የመጨረሻው ብቻ ነው።»

ቁጥሩ ላይ አንድ የምትጨምር መስመር ረስቼ ኖሯል። አፈርኩ። ጨመርኳትና እንደገና አስኬድኩት።

ሠላሳ ስምንት ፎቶ ወጣ። የመጀመሪያዎቹ ሰባቱ ላይ እማዬ የለችም። ነጭ መኪና ነው፤ ከፊት፣ ከኋላ፣ ጎማው፣ ወንበሩ። አንዱ ላይ አንተ በሩን ተደግፈህ ፈገግ ብለሃል። ጥጉ ላይ ቀኑ ተጽፏል፦ ካርዱን እኔ ከመንካቴ ሁለት ቀን በፊት። መኪናህን ልትሸጥ ፎቶ አስፈለገህ፣ ካርዱ ሞልቶ ነበር፣ ጠረግከው። ስትጨርስ የራስህንም ሰረዝክ። ሰባቱ የተጻፉት በእማዬ ፎቶዎች ላይ ነው፤ እነዚያን ማንም አይመልሳቸውም።

«ሳላውቅ ነው» ትል ይሆናል። መሰረዙ ይሁንልህ። እኔ ላይ ማላከኩን ግን አውቀህ ነው ያደረግከው። በዚህ ዓመት ስንቴ መጥተህ አጠገቤ ተቀምጠህ በልተሃል? አንዴ እንኳ አልቀፈፈህም።

ቅዳሜ ሁሉንም አሳትሜ አባዬ ፊት ዘረጋሁ። እማዬን አንድ በአንድ እያነሳ አየ። መኪናው ጋ ሲደርስ ቀኑን በጣቱ እየተከተለ አነበበ።

«ይኼ የወንድምሽ መኪና አይደለም?»

«ነው» አልኩት። ላንተ ብዬ አልዋሽም።

ፎቶውን መልሶ አስቀመጠ። ከዚያ ዓይኔን እያየ «ስልክሽን ስጪኝ» አለኝ።

እኔ ላንተ የምለው እዚህ አልቋል። ከቅዳሜ ጀምሮ ቁጥሬን እያየህ የምትዘጋበት ሰው እኔ አይደለሁም። አባዬ ነው። አንሳለት።

እህትህ፣ ያውም በግድ