አይዞሽ የተባለች ዕለት

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ለወንድም ጋሼ፤

ለመሆኑ እንዴት ከርመሃል? መጋዝ ስትስብ የሚይዝህ ወገብህ ለቀቀህ ወይስ አሁንም እየተነጫነጭክ ነው የምትሠራው? እማዬስ እንዴት ናት፣ ዓይኗ ተሻላት? ባለቤትህስ? ልጆቹስ? ያ ከጠረጴዛ ላይ እየዘለለ ነፍሳችሁን የሚያወጣው ትንሹ እግሩ ዳነለት? እኛ ከናፍቆታችሁ በቀር ደኅና ነን ብዬ ልጀምር ነበር። እኔ ደኅና ነኝ። ታናሻችን ሸንበቆ ግን ደኅና አይደለችም፤ የምጽፍልህም ስለ እሷ ነው። አትደንግጥ፣ አልታመመችም።

ወደ እኔ ስትልካት እንዴት ጎንበስ ብላ ትሄድ እንደነበር መቼም አትረሳውም። ቁመቷን እንደ ሰረቀችው ዕቃ ትደብቀው ነበር። ሳሙና ፋብሪካው ውስጥ ካርቶን ስትደረድር ወንዶቹ «እላይ አየሩ እንዴት ነው?» ሲሏት አንገቷ ትከሻዋ ውስጥ ይገባ ነበር። ጎትቼ የፋብሪካው የሴቶች መረብ ኳስ ቡድን ውስጥ ካስገባኋት በኋላ ግን ሌላ ሰው ሆነች። አንተ ከአናጢ ቤትህ በር እስከ ግንዱ ገመድ ወጥረህ እንዳስተማርከን፣ እኔ ኳሱን ግራ ጥግ ላይ ከፍ አድርጌ እሰቅልላታለሁ፣ እሷ ዘላ ታፈርጠዋለች። ቀልደኞቹ ራሳቸው «እሜቴ» ይሏት ጀመር። የኪራይ ቤታችን በር አጭር ነው፤ መቃኑ በየቀኑ ግንባሯን ሲመታት ትስቅ ነበር እንጂ አታጎነብስም። ያቺን እብጠት እያየሁ እንዴት ደስ ይለኝ እንደነበር ልነግርህ አልችልም።

ባለፈው ሳምንት እሑድ ለፋብሪካዎች ዋንጫ ከቆርቆሮ ፋብሪካ ሴቶች ጋር ገጠምን። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዙሮች አሸነፍን፣ አንድ ብቻ ቀረን። ወንድም ጋሼ፣ ሸንበቆን ያን ሰዓት ብታያት! ስትመታ የቆርቆሮዎቹ ሴቶች ኳሱን መመለሱን ትተው ፊታቸውን ይሸፍኑ ነበር። በሦስተኛው ዙር መሃል ግን ከእነሱ ሁለቱ አብረው ዘለው የመታችውን መለሱባት። ቀጥሎ ደግሞ አንድ ኳስ ወደ ውጪ ሰደደች። ይኸው ነው፣ ሌላ ምንም የለም። አሁንም እየመራን ነበር። እሷም መዳፏን ሱሪዋ ላይ ጠርጋ «አምጪው» አለችኝ። አንተ ብትሆን የምታደርገውን አውቃለሁ፤ ስትስት አንድም ቀን አጽናንተሃት አታውቅም፣ ዝም ብለህ ኳሱን መልሰህ ትወረውርላት ነበር።

አሠልጣኛችን የመጋዘኑ ኃላፊ ነው፤ ደግ ሰው ነው። ምነው ክፉ በሆነና ሰድቤው በወጣልኝ። ጨዋታውን አስቆመና ውሃ አጠጣት፣ ራሷን ደባበሳት፣ «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ አትፍሪ፣ ምንም አይደለም» አላት። ልጅቷ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የሚያስፈራ ነገር መኖሩን አላወቀችም ነበር። ዙሪያዋን ቃኘች። የቡድናችን ልጆች ተራ በተራ ጀርባዋን መታ መታ እያደረጉ አይዞሽ አሏት። ከዚያ ደጋፊው ተቀበለ። የማሸጊያ ክፍሉ፣ የቢሮው፣ የጥበቃው ሰው ሁሉ ተነሥቶ በአንድ ድምፅ «አይዞሽ! አይዞሽ!» አለ። ለቅሶ ቤት ያለሁ መሰለኝ። ቆርቆሮዎቹም ጆሮ አላቸው፤ ማን እንደ ቆሰለ የገዛ ወገናችን ነገራቸው። ከዚያ ወዲያ ሰርቪስ የሚመቱትን ኳስ ሁሉ ወደ እሷ ላኩት።

አሠልጣኙ ከዳር ሆኖ «ለእሷ አትስጪ፣ ትንሽ ትረፍ» አለኝ። አልሰማሁም፤ መስማቱንስ ሰምቻለሁ፣ እንቢ አልኩት እንጂ። ግራ ጥግ ሰቀልኩላት። ዘለለች፤ ግን አልመታችውም፣ በጣቷ ጫፍ ነካ አድርጋ ለቀቀችው፣ መረቡ ላይ ቀረ። እንደገና «አይዞሽ!» ተባለ። ደግሜ ልሰጣት ስል ዓይን ዓይኔን እያየች ራሷን ነቀነቀችብኝ። እሷ ስትፈራ ሁላችንም ፈራን፤ ኳሱ መሃላችን ሲወድቅ እርስ በርስ እንተያይ ነበር። ቆርቆሮዎቹ የቀረውን ሁሉ ጠራርገው ወሰዱ። እነሱ ሲጨፍሩ እኛ መረቡን ፈታን፤ ሜዳው የእኛ ስለሆነ መፍታቱም የእኛ ሥራ ነበር።

ዋንጫው ገደል ይግባ። እኔን ያቃጠለኝ ሌላ ነው። በማግስቱ ማልያዋን አጥባና አጣጥፋ ለአሠልጣኙ መለሰችለት። እሱም ከደግነቱ የተነሣ «አይዞሽ፣ ሲሻልሽ ትመጫለሽ» ብሎ ተቀበላት። ምኗን እንዳመማት እሱ ይወቅ። ካርቶን ስትደረድር ዛሬ የሚቀልድባት የለም፤ ሁሉም ያዝንላታል፣ ይሄ ከቀልዱ ይብሳል። ቤት ስትገባ ደግሞ መቃኑ አይነካትም።

ትናንት የወዳጅነት ጨዋታ ነበረን። «ነይ፣ ቢያንስ ቁጭ ብለሽ እዪ» ብላት ልብስ አጥባለሁ አለች። ብቻዬን ሄድኩ። ጨዋታው እንደ ተጀመረ ጥሩ ኳስ ደረሰኝና ሳላስበው፣ እጄ በለመደው፣ ግራ ጥግ ላይ ሰቀልኩት። የሰቀልኩት በሸንበቆ ቁመት ነው። በእሷ ቦታ የገባችው ልጅ ከሥሩ ቆማ አንጋጣ አየችው። ኳሱ ብቻውን ወጥቶ ብቻውን ወረደ። ሰው ሳቀ። እኔ አለቀስኩ፤ ላብ መስሏቸዋል።

እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ፤ ስለዚህ ነገር ግን አትንገራት። ባለቤትህን በጣም ናፍቄሻለሁ በልልኝ። ልጆቹን አንድ በአንድ ሳምልኝ፣ ትንሹንም ጆሮውን ቆንጥጠህ አክስትህ ናት በለው። ሸንበቆ «ሰላም በይልኝ» ብላለች፤ ሌላው ጊዜ ከሥር የራሷን ጽሑፍ ትጨምር ነበር፣ ዛሬ ወረቀቱን ሳታየው ተኛች።

አንድ ነገር አደራ ልበልህ። ለእሷ ስትጽፍላት አይዞሽ እንዳትላት። ተቆጣት፤ ገመዱን አልፈታሁትም፣ መጥተሽ ትመቻለሽ በላት፤ የፈለግከውን በላት፣ ይህችን ቃል ብቻ ተዋት።

ለእኔ ግን ጻፍልኝ። እስከ ዛሬ ማንም አላለኝም።

እኅትህ

ከሳሙና ፋብሪካው ጀርባ፣ ከበረ አጭሩ ቤት
ሰኞ፣ ጥር 19 ቀን