እህ ባይ ሲጠፋ

የካቲት 2፣ ሰኞ፣ ሱቅ ውስጥ

ደንበኛ የለም። የጎረቤት ጋራዥ ኮምፕረሰር ይጮኻል። ኢርፎን ጆሮዬ ላይ ደፍኜ ከቅጂያችን ላይ የሐሊማን «እህ» እየቆረጥኩ ነው። ሰው በአንድ ጨዋታ ይህን ያህል «እህ» ይላል እንዴ፣ ደብተሬ?

ሐሊማ (ሐ. እላታለሁ፣ እጄ ሰነፍ ነው) ሰመራ ት/ቤት ታስተምራለች። እኔ ሎጊያ የስልክ ዕቃ እሸጣለሁ። ፖድካስት እንጀምር ያለችው እሷ። ኤዲቲንግ እችላለሁ ብዬ ዘው ያልኩት እኔ። ሳይጠሩት አቤት! አልችልም ነበር። አሁን ከኢንተርኔት እየተማርኩ ነው፤ ትምህርቱም ዝምታን ቁረጪ፣ «እህ»ን ቁረጪ፣ ሰላምታ አሳጥሪ ይላል።

የመጀመሪያ እንግዳችን የሐ. አጎት ሐጂ ሁመድ ናቸው። ዕድሜያቸውን በከባድ መኪና የጅቡቲን መንገድ ሲመላለሱ ኖረው አሁን ሥራ ትተው አሳይታ ተቀምጠዋል። የነገሩን ይህን ነው፦ ስልክ ባልነበረበት ዘመን መኪናቸው በረሃ ላይ ተሰበረ፣ እግራቸውም ተጎዳ። አንድ ግመል ጠባቂ አለፈ፣ ወሬ ተለዋወጡ፣ ተለያዩ። ሐጂ ቤታቸው ሲደርሱ ሚስታቸው የትኛው እግራቸው እንደተጎዳ ታውቃለች! ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ቀድሟቸዋል። አፋሮች ዳጉ የሚሉት ይህን ነው።

አንድ ቃል አስገብተውናል፦ እሳቸው ሳይሰሙት ለማንም አይሰማም። እሺ ካሉ ሌሎቹ የአሳይታ ሽማግሌዎችም ያወሩናል። እምቢ ካሉ ፖድካስታችን ሳይወለድ ሞተ።

ጨረስኩ። ንጹሕ! እንደ ሬዲዮ ዜና። ኮራሁ፣ ለስላሳ ከፈትኩ።

የካቲት 5፣ ሐሙስ

ሐ. አሳይታ ሄዳ አሰማቻቸው። ሐጂ እስከ መጨረሻው ሰምተው እንዲህ አሉ፦

«ይሄ ሰውዬ ብቻውን ነው የሚያወራው። ብቻውን የሚያወራ ወይ ውሸታም ነው፣ ወይ ፀሐይ የመታው።»

አፈርኩ። በዳጉ ሰሚው «እህ» ካላለ ተናጋሪው አይቀጥልም ለካ። ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ከብት፣ ስለ ዝናብ መጠያየቁም የወሬው በር ነው። እኔ በሩን ነቅዬ፣ ሰሚውን አባርሬ፣ ሽማግሌውን ሜዳ ላይ አስቀመጥኳቸው።

ይመለስ እንዳልል ኦሪጅናሉ ላይ ሴቭ አድርጌበታለሁ። ሐ. ስልኳ ሞልቶ የራሷን ቅጂ አጥፍታለች። ምሳ አልበላሁም።

ከሰዓት

ሐ. ደወለች፣ እየሳቀች። ሐጂ እንደገና ሊያወሩ ፈቅደዋል። ግን ቆራጯ ራሷ መጥታ «እህ» ትበል ብለዋል። ቆራጯ እኔ ነኝ። አሁን ራበኝ።

የካቲት 7፣ ቅዳሜ፣ አሳይታ

ሚኒባስ፣ አቧራ፣ ደስታ። ለቅጂው ብለን ቬንትሌተሩን አጠፋን፤ ሦስታችንም በላብ ራስን።

ማይኩን ወደ ሐጂ ሳዞር ወደ እኔ መልሰው አዞሩት። ወሬ አይለመንም፣ ይለዋወጣል አሉ። መጀመሪያ አንቺ። ከየት ነሽ፣ አባትሽ ማነው፣ ምን አየሽ? ስለ ሱቄ ጀመርኩ። «እህ» አሉ። ስለ መልካ ወረር፣ ያደግኩበት። «እህ»። አባቴ ከወሎ ለጥጥ ለቀማ መጥቶ እዚያው እንደቀረ። «እህ»። ከዚያ ስለ ሞቱ አወራሁ። ማታ ማታ «ዛሬ ምን አየሽ?» ይለኝ እንደነበር። ከቀበርነው ወዲህ ለማንም አውርቼው አላውቅም። እኔና እማዬም ስሙን አናነሳም፤ አንዳችን ሌላችንን እንዳናስለቅስ።

ከዚያ እሳቸው ቀጠሉ። «እህ» ማለት ከባድ ሥራ ነው፣ ደብተሬ። አንዴ ፈዝዤ ዘለልኩ፤ አቁመው ጠበቁኝ።

የካቲት 9፣ ሰኞ፣ ሱቅ

ምንም ማለት ይቻላል አልቆረጥኩም። በር የተንኳኳበትን ብቻ። የራሴን ወሬ ቆርጬ ላወጣው ነበር፣ ድምፄ ያስጠላኛል። ሐ. ከነካሽው ተጣላን አለች። «ሞተ» ካልኩ በኋላ ረጅም ዝምታ አለ፤ ከዚያ የሐጂ «እህ»። ትምህርቱ ቁረጪ ይላል። ተውኩት።

ሐጂ በስልክ ሰሙት። አሁን ሰው አለበት አሉ። ደስ አለኝ፣ ወንበር ላይ ተሽከረከርኩ። ጾም ሳይገባ እንለቀዋለን ስል ግን አቋረጡኝ።

«የአባትሽን ወሬ እናትሽ ሰምታለች?»

አልሰማችም አልኩ።

«ታዲያ እንዴት አገር ይቅደማት?»

መልቀቁን አቆየሁት። ሐ. ልትጠብቅ ተስማምታለች።

ነገ ሱቁን አልከፍትም። በጠዋቱ መኪና መልካ ወረር እሄዳለሁ። ኢርፎን አልይዝም፤ ስፒከሩን እይዛለሁ፣ አብረን እንድንሰማ። ሲያልቅ እማዬ ማውራት ከጀመረች ምንም አልቀዳም። አጠገቧ ቁጭ ብዬ «እህ» እላታለሁ።