ሴት የሰማችው ኑዛዜ

ይድረስ በዮርክ ከተማ ለሚኖረው ለወንድሜ ለድንጋይ ጠራቢው ለሄርቪ። እንደምን ሰንብተሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ባለቤትህ ማርጀሪ፣ ሕፃኑ ዋልተርስ ደኅና ናቸው? ያ ክፉ በሽታ ደጃችሁን አልፎ እንደ ሄደ መልእክተኛህ ሲነግረኝ እልል አልኩ። እኔ እህትህ ኢሶልዳ አለሁ፤ መኖር ከተባለ። ይህን የሚጽፍልኝ መንገደኛ መነኩሴ ነው።

ቄሳችን ኦስበርት የመጀመሪያው ሬሳ የወጣ ዕለት በቅሎውን ጭኖ ጠፋ። ኋላ ጳጳሱ፣ ቄስ ከሌለ የሚሞት ሰው ለማንም ይናዘዝ፣ ለሴትም ቢሆን፣ ብለው አዘዙ። ወንዶቹ አፍንጫቸውን ይዘው ሸሹ። እኔ ጠላ ጠማቂዋ ግን ወደሚሞቱት ገባሁ። አሥራ ስምንት ሰው ኃጢአቱን በጆሮዬ አፍስሶ ሞተ። ባል ሚስቱ ታማ የተኛችበትን ቤት ከውጭ በሚስማር ሲቸነክር አይቻለሁ፤ ያ እንኳ አሁን የማየውን ያህል አላስጠላኝም።

በሽታው ሲያልፍ ኦስበርት ጉንጩ ሞልቶ ተመለሰ። እሁድ ሕዝቡ ፊት ቆሞ፣ "ሴት የሰማችው ኑዛዜ ውሻ የሰማው ያህል ነው!" አለ። ሰኞ ግን እቤቴ መጥቶ ጠላዬን እየጠጣ፣ "ለመሆኑ የወፍጮ ቤቱ የጊልበርት ሚስት፣ ሳቢና፣ ስትሞት ምን አለችሽ?" አይለኝም!

"ውሻ የሰማው ምን ያደርግልዎታል፣ አባ?" ስለው ዋንጫውን ወርውሮ ወጣ።

በሳምንቱ ጊልበርት ራሱ መጣ፤ በአንድ እጁ ሁለት የሰቡ ዶሮዎች፣ በሌላው የስድስት ዓመት ልጁን ኢዳን አንጠልጥሎ። "ንገሪኝ ኢሶልዳ፣ ይቺ የኔ ናት?" አለኝ፣ ልጅቷ እየሰማች።

"የሙት አደራ ነው፤ አፌን አልከፍትም" አልኩት። ለአንዱ "ምንም ጥፋት አልነበረባትም" ካልኩ፣ ለሌላው ዝም ስል ጥፋት ነበረ ሊባል አይደል?

"ንጹሕ ብትሆን ኖሮ ዝም አትይም ነበር!" ብሎ ልጅቷን ደጄ ላይ ገፍትሯት ሄደ። ዶሮዎቹን ግን አልረሳም።

ለሚሞት ዘመዱ ውሃ ያላቀበለ ሁሉ ዛሬ እንቁላልና ቅቤ ይዞ የሙታኑን ገመና ሊያነፈንፍ ይመጣል። ሰው አስጠላኝ፣ ሄርቪ። ሲስቁልኝ አፋቸው ይከረፋኛል።

አንተም "እትዬ፣ እናታችን ምን ተናዘዘች?" ብለህ ላክህብኝ። ካንተስ አልጠበቅሁም። መልእክተኛህ ፊት ምራቄን እንትፍ አልኩ። ይሁን፣ ይህን እነግርሃለሁ፤ አደራ የለበትምና። ከሁሉ መጨረሻ የሞተችው እሷ ነበረች። ጆሮዬን ወደ አፏ ሳስጠጋ በእጇ መለሰችኝ። "የሰው ሁሉ ጉድ ተጭኖብሻል ልጄ፤ የኔን እንኳ እግዜር ራሱ ይስማው" ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። በሕይወት ዘመኔ እንዲህ ያዘነልኝ ሰው የለም።

ማርጀሪን ሰላም በልልኝ። ዋልተርን ዓይኑን ሳምልኝ። አማትህንም እንደምን አሉ በልልኝ። ልጄ ኢዳም "ለአጎቴ ሰላም በይልኝ" ብላለች።

እህትህ ኢሶልዳ
ኤልምኮት መንደር፣ ሶመርሴት
በቅዱስ ማርቲን በዓል ማግሥት፣ ጌታ በተወለደ በ1349ኛው ዓመት