መስማት የተሳናቸውን በስልክ ለጠየቁ የሥርጭት ኃላፊ

ለተከበሩ የቴሌቪዥን ጣቢያችን የሥርጭት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ወገብዎና ጉልበትዎ ደህና ይሁኑልኝ፤ የደም ግፊትዎም፣ ካለብዎ፣ ይህን ደብዳቤ አንብበው እስኪጨርሱ ባለበት ይርጋ። በተለይ ደግሞ ሁለቱም ጆሮዎችዎ እንደ ዛሬው ሙሉ ሆነው እንዲቆዩልዎ ከልቤ እመኛለሁ፤ ያለ ጆሮ የእርስዎን ጣቢያ መመልከት ምን እንደሚመስል ስለማውቀው ለጠላቴም አልመኘውም።

ራሴን ላስተዋውቅ። በአንድ ማተሚያ ቤት መጽሐፍ ጠራዥ ነኝ። በዘጠኝ ዓመቴ ማጅራት ገትር ይዞኝ እኔ ስድን ጆሮዬ ሳይድን ቀረ። በሥራ ቦታዬ ይህ ችግር ሆኖብኝ አያውቅም፤ ማሽኖቹ ሲነሡ ባልደረቦቼ ሁሉ አንድም ቃል ስለማይሰሙ በእጅና በዓይን እንግባባለን፣ በዚህም ከእኔ የሚቀድም የለም። የእኔ ጣጣ የሚጀምረው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ተወዳጁ ተከታታይ ድራማዎ ሲጀምር ነው። ለዚህ ድራማ ለአሥር ሳምንታት የግርጌ ጽሑፍ ሰጥተውን ነበር፤ ከአምስት ሳምንት በፊት ደግሞ መልሰው ወሰዱት። ቁጥር የሌለው አቤቱታ እንደማይነበብ የሚያውቁ ሰዎች ስለመከሩኝ ምስጋናዬንም ቅሬታዬንም በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. በመጀመሪያ፣ የሞተ ሰው ስላስነሡልኝ አመሰግናለሁ። ነገሩ እንዲህ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የምንሰበሰበው በልጅነት ጓደኛዬ ቤት፣ ከፀጉር ቤቷ ጀርባ ባለችው ሳሎን ነው። እኔን ወክላ የምትሰማው እሷ ስለሆነች «አፈ ጉባኤ» የሚል ስም አውጥተንላታል። ሌላዋ ጓደኛችን ነርስ ናት፤ ድራማው እስኪያልቅ ፀጉሯን የምትጎነጎነው እዚያው ነው። የአፈ ጉባኤ እናት፣ ሁላችንም እማማ የምንላቸው፣ ከመስኮቱ ሥር ባለው ወንበር ይቀመጣሉ። እንግዲህ አፈ ጉባኤ ሁለቱም እጆቿ በነርሷ ፀጉር ውስጥ፣ ሚዶዋ በጥርሷ እንዳለ ድራማውን ለእኔ ማስረዳት አለባት። በድራማው ውስጥ ያለችው እናት አምስት ደቂቃ ሙሉ እያለቀሰች ትናገርና ወደ ጓደኛዬ ስዞር፣ አንድ እጇን ለቀቅ አድርጋ በምልክት «ተናዳለች» ትለኛለች። መናደዷንማ እኔም አያለሁ፣ ዕውር አይደለሁ! ቤተሰቡ በሙሉ ከጠረጴዛ ተነሥቶ ሲጯጯህ ደግሞ «ተጣሉ» ትልና ወደ ጉንጉኗ ትመለሳለች። ጽሑፉ በጀመረ በሁለተኛው ሳምንት ታዲያ፣ ከዓመት በፊት ሞተ ተብዬ አምርሬ ያለቀስኩለት የቤቱ የበኩር ልጅ ሻንጣውን አንጠልጥሎ በበሩ ዘው አለ። እኔ ከመቀመጫዬ ብድግ ብዬ ጮህኩ። ከእኔ በቀር የደነገጠ ሰው አልነበረም። ከጽሑፉ እንዳነበብኩት ለካስ ሰውየው ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ ተዛውሮ ኖሯል፤ አፈ ጉባኤ የዝውውሩን ነገር በአንድ እጅ ማስረዳት ቢረዝምባት ገድላ ተገላገለችው። እውነቱ ሲወጣ ሦስቱም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁብኝ፤ እኔም አንድ ሰዓት ያህል ካኮረፍኩ በኋላ አብሬያቸው ሳቅሁ። የእርስዎ ጽሑፍ ባይመጣ ኖሮ ያንን ምስኪን ሰው እስከ ዛሬ ከመቃብር የተነሣ መንፈስ ነው ብዬ አስበው ነበር።

2ኛ. ጸሐፊዎችዎ ንግግሩን ብቻ ሳይሆን ድምፁን ሁሉ ይጽፉልን እንደነበር ልብ ብለው ይሆን? «በር ይንኳኳል»፣ «ውሻ ከሩቅ ይጮኻል»፣ «ማቀዝቀዣው ያጓራል»። ማቀዝቀዣ እንደሚያጓራ የሠላሳ አምስት ዓመት ሴት ሆኜ ከእርስዎ ጣቢያ ተማርኩ፤ ለዚህም ምስጋናዬ ይድረስዎ። አንድ ቅዳሜ ጓደኞቼ በተዋናይቷ ዊግ ላይ ክርክር ገጥመው ሳለ፣ ባዶው ኮሪደር በሚታይበት ምስል ሥር «የቁልፎች መንሿሿት» የሚል ጽሑፍ አየሁ። በድራማው ቁልፍ እያንሿሿ የሚሄደው የልጆቹ አጎት ብቻ ስለሆነ፣ ሰውየው እቤት ውስጥ ነው፣ የጠፋውን የውርስ ወረቀትም የሰረቀው እሱ ነው ብዬ በእጄ አወጅሁ። ከየት አመጣሽው ብለው ተረባረቡብኝ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ አጎትየው ወረቀቱን በጉያው ሸጉጦ ከጓዳ ብቅ አለ። ነርሷ የገዛ ጆሮዋን ይዛ፣ ታዲያ ይሄ ምን ይሠራልኛል ብላ ጠየቀችኝ። ክቡር ሆይ፣ ወሬ ከሌላ ሰው ሳልቀበል እኔው ራሴ ለጓደኞቼ ወሬ ያቀበልኩት በሕይወቴ ያን ቀን ብቻ ነው። ለሳምንት ያህል በማተሚያ ቤቱ ውስጥ አንገቴን ቀና አድርጌ ስሄድ ታየሁ።

3ኛ. ይህኛው ቀልድ የለበትም፣ ይታገሡኝ። በስምንተኛው ሳምንት በድራማው ያለችው ልጅ የወለደቻትን እናት ልታውቅ በተቃረበችበት ሰዓት የቤቱን ቆርቆሮ የሚበሳ የሚመስል በረዶ ወረደ። እኔ በረዶ መሆኑን ያወቅሁት ሦስቱም ባንድ ጊዜ ቀና ብለው ጣሪያውን ሲያዩ ነው። አፈ ጉባኤ የድምፁን መጠን እስከ መጨረሻው ብትጨምረውም አልረዳም፤ ያን ጊዜ በሳሎኑ ውስጥ የሚሰማ ሰው አልነበረም። ሁለቱ ጓደኞቼ ወደ እኔ ሶፋ ተጠግተው እንደ እኔው ያነቡ ጀመር። እማማ ግን ዓይናቸው ስለደከመ ፊደሉን ሊለዩት አልቻሉም፤ እጄን ያዝ አድርገው ጆሯቸውን ወደ አፌ አስጠጉ። እኔ ደግሞ በትምህርት ቤት ሳለሁ ልጆች ድምፄን እየቀዱ ስላፌዙብኝ፣ ከቤተሰቤ ውጪ በሰው ፊት ቃል ተንፍሼ አላውቅም ነበር። ምን ላድርግ፣ እጄን አልለቅ አሉ። አነበብኩላቸው። በረዶው እስኪያባራ፣ ልጅቷም እናቷን እስክታውቅ ድረስ ጮክ ብዬ አነበብኩ። ሲያበቃ እማማ ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረው፣ ከንፈራቸውን ማንበብ እንድችል ቀስ ብለው፣ ድምፅሽን ምን ብለሽ ነው እስከ ዛሬ የደበቅሽን አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንበራቸውን ከመስኮቱ ሥር አንሥተው ከእኔ ሶፋ አጠገብ አኖሩት፤ እኔ ሳነብላቸውም የወትሮ ማንቀላፋታቸው ቀረ።

4ኛ. ከሁለት ሳምንት በኋላ ጽሑፉ ጠፋ። ምክንያቱን በደብዳቤ ብጠይቅዎ በፊርማና በማኅተም ያጌጠ መልስ ላኩልኝ፤ ለትሕትናዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። እንዲህ ይላል፦ «ጣቢያው ባካሄደው የስልክ መጠይቅ ካነጋገራቸው ስምንት መቶ ተመልካቾች መካከል መስማት የተሳነው አንድም ሰው ባለመገኘቱ፣ የግርጌ ጽሑፉ ፈላጊ እንደሌለው ተረጋግጧል።» ይህን ዓረፍተ ነገር ለባልደረቦቼ ሳሳያቸው የማተሚያ ማሽኑን አስቁመው ሳቁ፤ አለቃችንም መጥቶ ሊቆጣ ሲል አንብቦ አብሮ ሳቀ። በስልክ ጠይቀው አንድም የማይሰማ ሰው አጡ! መጠይቁ በተካሄደበት ሳምንት ስልኬ በጠረጴዛው ላይ ሦስት ጊዜ ስትንዘፈዘፍ አይቻታለሁ። ቁጥሩን ስላላወቅሁት፣ መስማት አልችልም፣ እባክዎ በጽሑፍ ይላኩልኝ የሚል መልእክት ሰደድሁ፤ መልስ አልመጣልኝም። ለሚቀጥለው ዓመት ማየት የተሳናቸውን ወገኖቻችን አስተያየት መሰብሰብ ካሰቡ፣ ጥያቄውን በትልቁ ጽፈው በየግድግዳው እንዲለጥፉላቸው በአክብሮት ሐሳብ አቀርባለሁ።

5ኛ. በዚያው መልስዎ ላይ ጽሑፉ የምስሉን ውበት ያበላሻል ብለዋል። አሁን በዚያው ቦታ የፍራሽ ማስታወቂያ ከዳር እስከ ዳር ይሮጣል፤ ፊደሎቹም ከቀድሞዎቹ እጥፍ ይተልቃሉ። ለእኔ ሲሆን ምስል ያበላሻል፣ ለፍራሽ ሲሆን ያሳምራል ማለት ነው። በቃሌ ይዤዋለሁ፦ «ለጀርባዎ ምቾት፣ ለእንቅልፍዎ ጥራት»። ልጅቷ ከእናቷ ጋር ስትታረቅ በዓይኔ እያየሁ ከሥሯ ያነበብኩት ይህንን ነው።

6ኛ. ስለዚህ ወደ ድሮው ተመለስን። አፈ ጉባኤ ለእኔ ለማስረዳት በየደቂቃው እጇን ከጉንጉኑ ስለምታወጣ ነርሷ ሁለት ቅዳሜ ከራሷ ግማሹን ሳትሠራ ወደ ተረኛነቷ ሄዳለች፤ በሽተኞቿ ምን እንዳሉ አልተነገረኝም። እማማም መልሰው ያንቀላፋሉ፤ እኔ የማነብላቸው ነገር የለኝማ። ጓደኞቼ እኔ ባልገባኝ ነገር ላይ ላለመሳቅ ከንፈራቸውን ሲነክሱ አያለሁ። ይህ ከምንም በላይ ይቆረቁረኛል፤ እነሱ ሳምንቱን ሙሉ ደክመው የሚስቁባት አንዲት ሰዓት ናት፣ እሷንም በእኔ ምክንያት እየተሳቀቁ ያሳልፏታል። ባለፈው ቅዳሜ ሥራ አለብኝ ብዬ ዋሽቼ ቀረሁ። ከተማሪነታችን ጀምሮ ለእነሱ የዋሸሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እቤቴ ተቀምጬ ግድግዳ ሳይ ዋልኩ፤ አለቀስኩም፣ አልደብቅዎትም። ድራማው ሊያልቅ አራት ሳምንት ቀርቶታል። እኔ የምፈራው ድራማው ሲያልቅ ሳይሆን ከዚያ በፊት ቅዳሜዬ ሲያልቅ ነው፤ ሰው አንዴ ከቀረ መቅረቱን ይለምደዋል፣ ወዳጆቹም ይለምዱታል።

7ኛ. ትናንት ደግሞ ከሕዝብ ግንኙነት ክፍልዎ የግብዣ ደብዳቤ ደረሰኝ። ጽናቴ ለብዙዎች አርአያ በመሆኑ፣ በጠዋቱ የቀጥታ ሥርጭት ቀርቤ «የግርጌ ጽሑፍ ለመስማት የተሳናቸው ወገኖች ያለው ጥቅም» በሚል ርዕስ ለግማሽ ሰዓት እንድናገር ተጋብዣለሁ። አስተርጓሚም፣ መኪናም፣ አበባም ተዘጋጅቶልኛል። ይህ ዝግጅት ራሱ የግርጌ ጽሑፍ ይኖረው እንደሆነ በመልእክት ብጠይቅ፣ «ለጊዜው አይኖረውም» የሚል ፈጣን መልስ አገኘሁ። ስለ ፍጥነቱ አመሰግናለሁ።

እንግዲህ ልመናዬ አጭር ነው፤ ፍራሹን ትንሽ ከፍ ያድርጉትና ጽሑፋችንን ወደ ቦታው ይመልሱልን። ጸሐፊዎቹ አሉ፣ ማሽኑ አለ፣ ፈላጊዋም ይኸው ፊርማዋን አኑራለች።

እስከዚያው ድረስ ጤናዎ እንዲበዛ፣ ወንበርዎ እንዲጸና፣ ስልክዎም ሲጠራ ሁልጊዜ የሚሰማዎ ሰው እንዲያገኙ እየተመኘሁ፣ በመጠይቅዎ የሌለሁ፣ በሳሎኑ ግን ለጊዜው ያለሁ ታማኝ ተመልካችዎ፣

መጽሐፍ ጠራዥዋ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ግብዣውን በደስታ ተቀብያለሁ። አስተርጓሚውን ግን አያድክሙት፣ አያስፈልገኝም፤ ድምፄንም ለእማማ አስቀምጬዋለሁ። ግማሽ ሰዓቱን በሙሉ በእጄ ብቻ እናገራለሁ፣ አብዛኛውም ስለ እርስዎ ነው። የሉም ያሏቸው ተመልካቾችዎ በየቤታቸው ሆነው አንድም ቃል አያመልጣቸውም፤ ከሳቃቸው ብዛት ከመቀመጫቸው ቢወድቁም ኃላፊነቱን አልወስድም። ምን እንዳሳቃቸው ማወቅ ካሻዎ፣ ከምስሉ ግርጌ ሁለት መስመር ይበቃዎታል።