ማዮኔዙ ስለተደፋ ማንም አልታመመም ላሉን ክቡር ሰብሳቢ

ለተከበሩ የምግብ ቤቶች ንጽሕና ተቆጣጣሪ ግብረ ኃይል ሰብሳቢ፤
ጋምቤላ፣ ለስብሰባ በተቀመጡበት ሁሉ።

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ሆድዎ እንደምን ሰንብቷል እላለሁ። ስለ ወገብዎና ስለ ራስ ምታትዎ ሌላ ሰው ይጠይቅዎት፤ በዚህ ሙቀትና መብራት በሚጠፋፋበት ከተማ ከቤቱ ውጭ ለሚመገብ ሰው ከልብ የሚመኙለት የሆድ ጤና ነው። እኔ ልዑልቃል እባላለሁ፤ እዚሁ ጋምቤላ፣ ኒውላንድ ሰፈር የምኖር የአማርኛ መምህር ነኝ። ቢሮዎ ተመላልሻለሁና በመልክ ሳያውቁኝ አይቀሩም፤ ሆኖም በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ስለነበሩ፣ ጉዳዬን ሰው በተሰበሰበበት ብናገረው ምናልባት ስብሰባ መስሎዎት ያዳምጡኛል ብዬ ይህን በግልጽ ጻፍኩልዎ።

አንደኛ፣ ስለ ንጽሕና ምስክር ወረቀቱ ላመሰግንዎ እወዳለሁ። ከገበያው አለፍ ብሎ ያለውን የፈይሰልን ምግብ ቤት መቼም አይዘነጉትም። ፈይሰል የታሸገ ማዮኔዝ ከአዲስ አበባ ማስመጣት ሲያቅተው፣ ጥሬ እንቁላልና ዘይት እየመታ ራሱ መሥራት ጀመረ። ተንኮል የሌለበት ሰው ስለሆነም፣ ለቁጥጥር የመጡትን ባለሙያዎችዎን «ይሄ ነገር ጥሬ ነው፣ ችግር አለው እንዴ?» ብሎ በገዛ አፉ ጠየቃቸው። ባለሙያዎችዎ የግድግዳውን ቀለም አደነቁ፣ የእጅ መታጠቢያውን ቧንቧ ከፍተው ዘጉ፣ ከባልዲውም በችፕስ እየጠቀሱ ቀመሱና «ይጣፍጣል» ብለው መሰከሩ። ምስክር ወረቀቱ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው በዚያው ሳምንት ነው። ስለ ጣዕሙ አልዋሹም፤ በእርግጥም ይጣፍጥ ነበር።

የሚጣፍጥ መሆኑን ያወቅሁት በባለቤቴ በእሙዬ ነው። እሙዬ ኩሌ የስደተኞች ካምፕ በነርስነት ትሠራለች። ብዙ ዓመት ስንጠብቅ ቆይተን የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ፣ ሰባተኛ ወሯን ይዛ ነበር። የሥራ ባልደረባዋ ጋትደት ወደ ኢታንግ ተዛውሮ ስለነበር፣ የመሸኛ ምሳ ተብሎ ፈይሰል ቤት ተሰበሰብን። መብራት ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል፣ ፍሪጁ ለብ ብሏል፣ የማዮኔዙ ባልዲም ማንኪያው እንደተሰካበት ጠረጴዛ ላይ ውሏል። እሙዬ ካረገዘች ወዲህ ምግብ አልጥም ብሏት ነበር። ያን ቀን ግን ችፕሱን በማዮኔዝ እየነከረች «ልዑሌ፣ ዛሬ ገና አፌ ቀመሰ» ብላ ስትስቅ ባየሁ ጊዜ፣ ደስታዬ ልክ አጥቶ የእኔንም ድርሻ ወደ እሷ ሳህን ገለበጥኩላት።

ሁለተኛ፣ በማግስቱ ስለሆነው ነገር ነው፤ ይህን እንደ ሌላው አሳምሬ ልጽፈው አልችልምና ይታገሡኝ። እሙዬን ትውከትና ተቅማጥ ያዛት፣ ትኩሳቱም ወዲያው ተከተለ። ነርስ ናትና ኦአርኤሱን ራሷ በጥብጣ ጠጣች፤ ሆዷ ግን አንድ ጉንጭ እንኳ አልያዘላትም። ከሰዓት በኋላ እጄን ይዛ ሆዷ ላይ አስቀመጠችና «ልጁ ዝም አለ» አለችኝ። ባጃጅ ይዞ የደረሰልን ጋትደት ነው። እሱም ያንኑ በልቶ ታሞ ነበርና አንድ እጁን ከሆዱ ላይ ሳያነሣ፣ «መምህር፣ እኔም ታምሜአለሁ፣ ግን እኔ ቆይ፣ መጀመሪያ እሷ ትግባ» እያለ ደግፎ ሐኪም ቤት አስገባልን። የሐኪም ቤቱ ሰዎች ለእሷ ሲሮጡ አይቻለሁ፤ ግሉኮስ ሰቀሉላት፣ መድኃኒት ጀመሩላት፣ አንድም ያጎደሉት ነገር የለም። ምጡ ግን ያለ ጊዜው መጣ። ወንድ ልጅ ነበር። ሳያለቅስ ተወለደ። ስም ሳይወጣለት ቀበርነው።

ሐኪሙ አስቀምጦ ሁሉንም አስረዳኝ። ጥሬ እንቁላል ተሕዋስ ሊኖረው እንደሚችል፣ በእኛ አገር ሙቀት ጠረጴዛ ላይ የዋለ ማዮኔዝ ውስጥ ያ ተሕዋስ እንደሚራባ፣ ጤነኛ ጎልማሳ ጥቂት ቀን ተሠቃይቶ እንደሚነሣ፣ ለነፍሰ ጡር፣ ለሕፃንና ለሽማግሌ ግን ነገሩ እንደሚከፋ ነገረኝ። ይህን ሁሉ ለመናገር የወሰደበት ጊዜ፣ እኔ ከቢሮዎ ደጅ ወንበር ለመለመን ከወሰደብኝ ያነሰ ነው።

ሦስተኛ፣ ስለ ጥበብ የተሞላው ውሳኔዎ ነው። እኔ ወደ ቢሮዎ የመጣሁት ሰው ለማሳሰር አልነበረም። የለመንኩት፣ ጥሬ እንቁላል ያለበት ማዮኔዝ ያለ ፍሪጅ እንዳይቀመጥ፣ ለነፍሰ ጡርና ለሕፃናትም እንዳይሰጥ ለከተማው ምግብ ቤቶች ሁሉ እንዲነገር ብቻ ነው። «ናሙና ያምጡ» ተባልኩ። ናሙናው ግን አልነበረም። ፈይሰል የሆነውን በሰማ ጊዜ ባልዲውን በገዛ እጁ ደፍቶ፣ ከባለቤቱ ከሪድዋና ጋር ቤታችን መጥቶ ነበር። በሩ ላይ ቆሞ መግባት አቃተው። «መምህር፣ ለልጆቼም የምሰጠው ከዚያው ነው፤ ስጠይቃቸው ቢነግሩኝ ኖሮ ያን ቀን እደፋው ነበር» ብሎ አለቀሰ። እሙዬ ከተኛችበት ሆና «ግባ፣ ፈይሰል» አለችው። ሪድዋና አጠገቧ ቁጭ ብላ እስኪመሽ እጇን አልለቀቀችም።

ይህን ለጸሐፊዎ ስናገር ጉዳዬ ውሳኔ አገኘ፤ ለፍጥነቱ አመሰግናለሁ። ማዮኔዙ ስለተደፋ ማስረጃ የለም፤ ማስረጃ ስለሌለም በማዮኔዝ የታመመ ሰው የለም ተባለ። ፈይሰልም ማስረጃ አጥፍተሃል ተብሎ ቤቱ ታሸገበት። በጎረቤቱ ያሉት፣ ያንኑ ማዮኔዝ በዚያው ዓይነት ባልዲ የሚያቀርቡት፣ ምንም ስላልደፉ ምንም አላጠፉም፤ ዛሬም ይሸጣሉ። በዚህ ከተማ በምግቡ ሰው በመታመሙ ደንግጦ ምግቡን የደፋ አንድ ሰው ቢኖር እሱ ነው፤ የተቀጣውም እሱ ብቻ ነው።

ከዚህ በታች ያለውን ሳይቀልዱ ያንብቡልኝ፤ እኔም መቀለድ አቅቶኛል። እሙዬ ሥራ ተመልሳለች። ቀን ኩሌ ላይ እናቶችን ስታክም ትውላለች፤ ቤት ስትመጣ ግን የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ነርስ ሆኜ እንዴት ሳልጠይቅ በላሁ?» ትለኛለች። እናንተ «ማንም አልታመመም» ስትሉ ለእሷ የሚሰማት ሌላ ነው። ማዮኔዙ ካልገደለው፣ ማን ገደለው? ያልታመመች እናት ልጇን በምን አጣችው? ክቡር ሆይ፣ የአማርኛ መምህር ነኝ፤ ዐረፍተ ነገር መሥራት ኑሮዬ ነው፤ ሚስቴን ከዚህ ጥያቄ የሚያወጣ ዐረፍተ ነገር ግን አጣሁ። እናንተ ዘንድ አለ። «ጥፋቱ የእኛም ነበር፤ ጠይቆን ነበር፣ አልነገርነውም» የሚል ነው። አጭር ነው፣ ማኅተም አያስፈልገውም፣ በስልክም ይነገራል። እባክዎን ይበሏት። ከዚያ በኋላ የፈለጉትን ውሳኔ ይስጡ፣ እኔም ደጅዎን ዳግም አልረግጥም።

ወንበርዎ እንዲመችዎ፣ መብራትዎ እንዳይጠፋብዎ፣ የተጠየቁትን ከመስማትም ፈጣሪ እንደጠበቀዎት እንዲያኖርዎ እየተመኘሁ፣ በአክብሮትና ያለ እጅ መንሻ እሰናበታለሁ።

በግብረ ኃይሉ አቆጣጠር ያልታመመችው የእሙዬ ባለቤት፣
ልዑልቃል፣ ከኒውላንድ

ማስታወሻ፦ ይህን ልቋጭ ስል ስለ ምግብ ደህንነት ባዘጋጁት የምክክር መድረክ ላይ «የኅብረተሰብ ተወካይ» ሆኜ እንድገኝ የላኩት ጥሪ ደረሰኝ፤ ክብረት ይስጥልኝ። ምሳ ከነሰላጣውና ከነማዮኔዙ እዚያው እንደተዘጋጀ ተጽፏል። እኔ ቤቴ በልቼ እመጣለሁ። ነገር ግን ጥሪውን ያደረሰችልኝ፣ ማይ የምትባለው ሠራተኛዎ፣ ደረጃችንን ስትወጣ ሆዷን ደግፋ ነበር፤ ወሯ የገፋ ይመስለኛል። ለእኔ መልስ ለመስጠት ጊዜ ባያገኙም ግድ የለም፤ ለእሷ ግን ምሳው ሳይቀርብ ይንገሯት።