ጠበሉ የነካው መድፍ

ደብረ ታቦር፣ ኅዳር ፲፫ ቀን ፲፰፻፶፯ ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማቴዎስ

ይድረስ ለአባ አስረስ፣ በጣና ደሴት ገዳም ለሚኖሩት፣ ባሌ ለነበሩት።

እንዴት ሰነበቱ? እኔ አለሁ። ጉልበቴ ወንዛዬ ፍል ውሃ ተዘፍዝፌም አልተሻለኝም። ከጉና የሚወርደው ብርድ ዘንድሮ ከአጥንት ይገባል። ገብሱ ግን ደህና ነው፤ ላሚቱም ወልዳለች።

ይህን የጻፍሁት እኔው ነኝ፤ የማን እጅ ነው ብለው አይድከሙ። ፊደል ያስቆጠሩኝ እማሆይ ጸዳለ ናቸው። አንቱ ዕድሜ ልኬን «ሴት ፊደል ምን ያደርግላታል?» ይሉኝ ነበር። ይኸው ያደረገልኝ ይህ ነው፤ ይህን ነገር ለጸሐፊ ነግሬ ላስጽፈው አልችልም። ፊደሉ ቢጣመም ታግሠው ያንብቡት። በብዙ ድካም ነው የጻፍሁት።

የመድፍ ቤቱ ሹም ባሻ በላይነህ አዲስ መድፍ ሊያስፈስስ ነው። ዘመቻው ቀርቧል። መዳቡ ከየቤቱ ተለቅሟል፤ የኔም ድስት ሄዷል። መዳቡ የሚፈስስበት የጭቃ ቅርጽ ጉድጓድ ውስጥ ቆሞ እየደረቀ ነው። መድፉ በታኅሣሥ ይፈስሳል፤ ለገብርኤል በዓል ተተኩሶ ይፈተናል። እሳት እንዲሰጥ የተመረጠው ልጃችን ሞላ ነው፣ በወንድሙ በማሩ ቦታ። የቀረን እሱ ብቻ ነው።

ሞላ ደስ ብሎታል። ከጓደኞቹ ጋር በየቀኑ ሜዳ ላይ ይለማመዳል። መድፍ ስለሌላቸው አንድ የወይራ ግንድ አጋድመው መድፍ ነህ ብለውታል። በባሩድ ፈንታ አፈር፣ በአሎሎ ፈንታ ድንጋይ ያጎርሱታል። ሞላ የእሳቱን ገመድ ሲያስጠጋ አንዱ በአፉ «ዱም!» ይላል፤ ሁሉም ይስቃሉ። ማሩም እንዲሁ ይስቅ ነበር።

ካቻምና ሰኔ የሆነውን አንቱም ያውቁታል። ግን አንድም ቀን ተነጋግረንበት አናውቅምና ያየሁትን ልጻፈው። ለሠራተኞቹ ጠላ ይዤ እዚያው ቆሜ ነበር። አንቱ ቅርጹን ሊባርኩ ጠበል በማሰሮ ይዘው መጡ። ቀጥቃጩ ደምሴ ከጉድጓዱ አፍ ቆሞ፦

«አባቴ፣ ዙሪያውን ይርጩልን፤ ወደ ውስጥ ግን ጠብታ አይግባ። በዚህ ዝናብ ጭቃውን ለማድረቅ ስንት እንጨት ጨርሰናል» አለዎት።

«አንተ ቀጥቃጭ፣ የቄስ ሥራ ልታስተምረኝ ነው? ወናፍህን ንፋ!» አሉት።

ሰዉ ሳቀ። ሲሳቅልዎ ጊዜ ማሰሮውን አንሥተው እስከ መጨረሻው ጠብታ ወደ ውስጥ ደፉት።

የቀለጠው መዳብ ሲወርድ ቅርጹ እንደ ድስት ተንተከተከ። መድፉ ከጭቃው ሲወጣ ደምሴ በመዶሻ ቀስ እያደረገ መታ መታ አድርጎ አዳመጠው። «ሆዱ ታሟል፤ ውሃው አረፋ አስቋጥሮታል፤ ሰብረን እንደገና እናፍስሰው» አለ። ባሻ በላይነህ «የተባረከ መድፍ ሰበርሁ ብዬ ለንጉሡ ልንገር?» ብሎ ገሠጸው። ተኮሱት። ከዚያ በኋላ ያለውን አልጽፍም። ማሩን በነጠላዬ ለቅሜ አመጣሁት፤ ፍትሐቱን ያደረሱት አንቱ ነዎት።

ደምሴን «ቡዳ ነው፣ መድፉን በዓይኑ በላው» ብለው በእግር ብረት አሰሩት። እስካሁንም አልተፈታም፤ አዲሱን መድፍ የሚያሠሩት ከነብረቱ ነው። አንቱ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። የማሩ አርባ በወጣ ማግስት፣ እኔ ሳልፈቅድልዎ ሄደው መነኮሱ።

በቀደም የደምሴ ሚስት ፈንታነሽ ወደ ቤቴ መጣች። ጎረቤት እንዳያያት በጓሮ ዞራ ነው የመጣች። ከደጅ ቆማ «እሜቴ፣ ልግባ ወይስ ትበላኛለች ብለው ይፈራሉ?» አለችኝ።

«ግቢ። ከኔ ምን የሚበላ ሥጋ ተርፎ!» አልኋት።

ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ አለቀሰች። ባሻ በላይነህ «ካቻምና ጠበሉ አንሶ ነው የፈነዳው፤ ዘንድሮ ሙሉ ገንቦ ይገባበታል» ብሏል አለችኝ። ደምሴ ይህን ቢቃወም የጠበል ጠላት ብለው ይገድሉታል። ዝም ቢል መድፉ ይፈነዳል፤ ያን ጊዜም ይገድሉታል።

ጉልበቴን እየጎተትሁ ከባሻው ዘንድ ሄድሁ። «የቅርጹን ውስጥ አታርጥቡት» አልሁት።

«ላቀች፣ ከቡዳው ቤት ምን ቀመስሽ?» ብሎ ጭፍሮቹን አሳቀብኝ። «ጠበል ሰው ይገድላል ልትይ ነው?»

እንዲያ አላልሁም። ጠበሉ ቅዱስ ነው፤ ቅዱስ ሆኖም ግን ውሃ ነው። ይህን ለባሻ ማን ያስረዳው? የሴት ቃል አይሰማም፤ የቀጥቃጭም ቃል አይሰማም። ቆሜ ሳስብ የማን ቃል እንደሚሰማ መጣልኝ።

«እንግዲያስ ጌታዬ፣ ተራ ቄስ አይባርከው። አባ አስረስ ከገዳም መጥተው ይባርኩት፤ ሞላ ሄዶ ያምጣቸው» አልሁት። ባሻው ደስ አለው። ለሞላ መንገዱን ፈቀደለት፤ በቅሎም ሰጠው። እንደሸነገልሁት አላወቀም።

ስለዚህ ይምጡ። ጠበሉን ይዘው ዙሪያውን ይርጩ። ከጉድጓዱ አፍ ሲደርሱ ይቁሙና ካቻምና ያደረጉትን በሰው ፊት ይናገሩ። ከአንቱ አፍ ከወጣ ይሰሙታል። ቅርጹ ደርቆ ይቀራል፤ ደምሴም ከብረቱ ይወጣል። አንቱን የሚጎዳዎት ሐፍረት ነው፤ ሐፍረት ደግሞ እንደ መድፍ ቁራጭ አይቆርጥም።

መምጣት ካቃተዎት በዓሉ እስኪያልፍ ሞላን እዚያው ያቆዩት። ታምሜአለሁ ይበሉት፤ የሐሰቱን ኃጢአት እኔ እሸከማለሁ። ግን የዚያን ዕለት ሌላ እናት የወለደችው ልጅ እሳቱን እንደሚሰጥ ይወቁት።

ሞላ ምንም አያውቅም። አንቱ ለማሩ ነፍስ ሊጸልዩ የመነኑ ጻድቅ ይመስሉታል። «እማዬ፣ የአባቴ ቡራኬ ካለ ምን ያስፈራኛል?» ይለኛል። ልንገረው እያልሁ እስካሁን አልነገርሁትም። ለምን እንደሆነ እንጃ።

የደሴቱ ነፋስ ክፉ ነው ይላሉ። በሞላ እጅ ጋቢ ልኬያለሁ። ጥጥ ስለተረፈኝ ነው።

እንደሚያውቁት ሞላ ከቄስ ትምህርት ሸሽቶ ያደገ ነው፤ ይህን ወረቀት ማንበብ አይችልም። ምን ጻፈች ብሎ ከፊትዎ ቆሞ እየጠበቀ ይሆናል። ካዩት ወዲህ ረዝሟል፤ ጢም አብቅሏል፤ አቋቋሙ ማሩን ማሩን ይላል። አሁን ቀና ብለው ይዩት። ከዚያ የሚሉትን ይበሉት።

ማሩን የወሰደ አምላክ ለአንቱ ጤናና አንደበት ይስጥዎ።

የማሩና የሞላ እናት
ላቀች